ጥፋቱ የእናት አይደለም

ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረ ወዲያ እናት ላይ የሚወርደው ወሬ የታወቀ ነው፦ ስልክ ሰጥታው ነው፣ አላጫወተችውም፣ ክትባት ነው፣ እርግማን ነው። ይህ ወሬ መቆም አለበት። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ 12 ልጆችን ብቻ ያየ ሲሆን፣ ያሳተመው ላንሴት መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ትልቁ ድርሻ የዘር ውርስ መሆኑን ያሳያሉ።

አረርቲ ከተማ ላይ ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው የሸንኮራ ዮሐንስን ጠበል ነው። ጠበሉን ማንም አይከልክል፤ ከጠበል መልስ ግን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ።

ሕፃን ዓመት ሲሞላው ገደማ ጣቱን መቀሰር ይጀምራል። ውሻውን ያያል፣ ዞሮ እናቱን ያያል፣ እንደገና ውሻውን። ስጪኝ ማለቱ አይደለም፤ «አየሽው?» ነው። ቋንቋ የሚገባው በዚህ በር ነው። እናት «ውሻ» ስትል ቃሉ የምን ስም እንደሆነ ልጁ የሚያውቀው ሁለቱም አንድ ነገር ስለሚያዩ ነው። ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። አገጩን ይዞ «እየኝ!» ማለት አይረዳም፤ እሱ ወዳለበት መሄድ ነው። የጣሳ ክዳን እያሽከረከረ ከሆነ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ቁጭ ይበሉና ሌላ ክዳን ያሽከርክሩ። «ዞረ!» ይበሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ከባዱ መጠበቁ ነው። ቀና ካለ፣ እጁን ከዘረጋ ወይም ድምፅ ካወጣ፣ እንደ ንግግር ቆጥረው ወዲያው ይመልሱለት።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ለወላጆች የሚያስተምር ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጅ ላላቸው፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው። በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው እንዲሰጠው ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ለአረርቲ ዓይነት ከተማ ይስማማል። ኦቲዝምን ግን አያጠፋም። ምልክቶቹን ምን ያህል እንደሚቀንስ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ውጤቱም ከልጅ ልጅ ይለያያል። ወላጅና ልጅ የሚግባቡበትን መንገድ እንደሚያሻሽል የሚያሳየው ማስረጃ የተሻለ ነው። «ፈጽሞ አድንልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ።

ጆይና ነህምያ የተባሉት የአዲስ አበባ የኦቲዝም ማዕከላትም የወላጆች ሥራ ናቸው። ጆይን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ ነህምያንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። የሩቁን ቀጠሮ እየጠበቁ የቅርቡን ሰው ይፈልጉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር እንዲህ ያለ ልጅ ያላት ሌላ እናት ልታውቅ ትችላለች፤ የእናትየዋን ፈቃድ ጠይቃ እንድታገናኝዎት ይንገሯት።