በግቢያችን ሥር ያለው ሕያው ጉድጓድ፦ ሴፕቲክ ታንክና የቤት ጽዳት ልማዳችን



ስለ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ በአደባባይ መናገር በባህላችን ከነውር ይቆጠራል። ስለዚህም ጉድጓዳችንን የምናስታውሰው ሽታው ሲያስቸግረን ወይም የፍሳሽ መኪና ስንጠራ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባን ጨምሮ በከተሞቻችን ያሉ አብዛኞቹ ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኙም። የዛሬው ንግግሬ ግድግዳውም ወለሉም ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ ስለተሠራው ጉድጓድ፣ ማለትም ስለ ሴፕቲክ ታንክ ነው።

“ሴፕቲክ” የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መበስበስን ያመለክታል። ስያሜው ትክክለኛ ነው፤ ታንኩ የሚሠራው በማበስበስ ነውና። ከቤት የወረደው ፍሳሽ በታንኩ ውስጥ ሲረጋ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ በመካከል ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ቀስ በቀስ እየበሉ ይቀንሱታል። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ፍሳሹ በታንኩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መቆየት ይኖርበታል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜም እስከ መውጫው ቧንቧ ድረስ ሙሉ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ውሃ ያየ ሰው “ሞላ” ብሎ መኪና ቢጠራ ገንዘቡን ያባክናል። መታየት ያለበት የዝቃጩ ውፍረት ነው። ዝቃጩና ተንሳፋፊው ቅባት ተደምረው የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዙ የማስወጫው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ከተመጠጠ በኋላም ታንኩን በሳሙና ፈትጎ ማጠብ አያስፈልግም። ከታች የቀረው ጥቂት ዝቃጭ ለአዲሱ ሥራ መነሻ ዘር ነው።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ልግባ። ጉድጓዱን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የጽዳት ትጋታችን ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። በዕለታዊ ጽዳት የምንጠቀምበት ጥቂት በረኪና በብዙ ውሃ ስለሚበረዝ የጎላ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው ሽታ ለማጥፋት ብለን በአንድ ጊዜ በምናፈሰው ላይ ነው። እኔው ራሴ፣ ይህንኑ እያስተማርሁ፣ በአንድ የትንሣኤ ዋዜማ አምስት ሊትር በረኪና ደፍቼበታለሁ። ሽታው ለሁለት ቀን ጠፋ፤ በሳምንቱ ግን ብሶበት ተመለሰ። የሚያበሰብሱትን ገድዬ የሚበሰብሰውን ትቼ ነበርና። ለዝንብ ተብሎ የሚጨመረው ነጭ ጋዝና ናፍጣ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃንም ይበክላል። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በምንም ምክንያት አይደረግ።

ሁለተኛው ከውሃ ፈረቃ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ በመጣ ዕለት የሳምንቱን ልብስ፣ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ሁሉ እናጥባለን። ማን ይፈርድብናል? ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚወርደው ጎርፍ የረጋውን ዝቃጭ አናውጦ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይገፋዋል። በዝቃጭ የተደፈነ አፈር ውሃ ማስረግ ያቆማል፤ እርሱን መጠገን ደግሞ ከመምጠጥ እጅግ ይከብዳል። የሚቻል ቢሆን ውሃውን በበርሜል አጠራቅሞ እጥበቱን በሁለትና በሦስት ቀን መከፋፈል ይመረጣል።

የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት ቅባቱ በወረቀት ይጠረግ። የቡና አተላ ለአትክልት ሥር ይሁን እንጂ ወደ ማጠቢያው አይደፋ፤ ቶሎ አይበሰብስምና ይከማቻል። ሞዴስ፣ ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት እንጂ ወደ መጸዳጃው አይጣሉ። እርሾ መጨመር ይጠቅም እንደሆነም ደጋግሜ እጠየቃለሁ። አያስፈልግም፤ ባክቴሪያዎቹ ከእኛው አካል በየዕለቱ ይላካሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ የሕይወት ነው። በታንኩ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። መጠኑ አነስተኛ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ስለዚህ “ሽታው ጠፍቷል” ብሎ የሚወርድ ሰው ምናልባት ወደ ከፋው ቦታ እየወረደ ነው። ወንድሙን ላውጣ ብሎ የተከተለውም አብሮት ይወድቃል። ሜቴን የተባለው ጋዝም ስለሚቀጣጠል ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት አይጫርም፣ ሲጋራም አይጨስም። የወደቀ ዕቃ ለማውጣትም ሆነ ለመጥረግ ማንም የቤተሰብ አባል ወይም የቀን ሠራተኛ ወደ ጉድጓዱ አይውረድ። ሰው ከወደቀም ከላይ ሆኖ በገመድ ለማውጣት መሞከርና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ክዳኑ ሕፃን የማያነሣው፣ ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት መሆኑን እዩልኝ።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።