የመተማ ባለሀብት ኑዛዜ ሰባት ዓመት ሲሞላው

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው፣ ከመሞታቸው በፊት ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን ለመኳንንቱ ተናግረው ነበር። ሌላው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ያረፉት ከዚያ ቀደም ሲል በ1880 ዓ.ም. ነው። አልጋውን ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ያዙት። እርግጥ ነው፣ ዘውድ በፍርድ ቤት አይወረስም። ትራክተርና ሰሊጥ ግን ይወረሳል።

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ እርሻ የተሰማራ ባለሀብት ሀብቱ በየወቅቱ መልኩን ይለዋውጣል። ክረምት ሲገባ ገንዘቡ በዘር፣ በነዳጅና በአራሚ ደመወዝ ላይ ይውላል። ከአጨዳ በኋላ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎም መጋዘን ወይም ባንክ። ድንበር ተሻግሮ ገላባት ውስጥ በዱቤ የቀረ ሒሳብም ይኖረው ይሆናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ እንዲህ ያለ ሒሳብ በቃል ብቻ የተያዘበት ነጋዴ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እንበል፣ አንድ ባለሀብት በ2008 ዓ.ም. በገዛ እጁ ኑዛዜ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። አይሱዙውን ለበኩር ልጁ፣ ገንዳ ውኃ ያለውን ቤት ለሚስቱ ተናዘዘ። በ2012 ዓ.ም. አይሱዙውን ሸጦ ትራክተር ገዛ። በማግስቱ ዓመት ሌላ ልጅ ተወለደለት። ወረቀቱን ግን አልነካውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሰው አይራራለትም። በኑዛዜ የተሰጠ ዕቃ ሲሸጥ ስጦታው ይሻራል፤ ትራክተሩ በአይሱዙው ቦታ አይተካም። ከኑዛዜው በኋላ የተወለደው ልጅ ውርሱን ከተቀበለ ቀድሞ የተደረጉት ስጦታዎች ይወድቃሉ። ፍርድ ቤቱ ስጦታዎቹን ሊያጸናቸው ቢችልም፣ ልጁ ያለ ኑዛዜ ሊደርሰው ይችል ከነበረው ድርሻ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ማግኘት አለበት። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በተናዛዡ ጽሕፈት የተደረገ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ መሆኑ ነው። የዚህ ሰው ወረቀት በ2015 ዓ.ም. ዋጋ አጥቷል ማለት ነው።

በዚህ የምትጎዳው ሚስቲቱ ናት። ብዙዎች የማያውቁት፣ ኑዛዜ ከሌለ ባል ወይም ሚስት የሟች ወራሽ አለመሆናቸውን ነው። ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው። የሟች ግማሽ ግን ለልጆቹ ያልፋል፤ ቤቱም ሳይቀር።

በሞት አፋፍ ላይ የሚነገር ቃል አይረባም ባይባልም አቅሙ ትንሽ ነው። ሁለት ምስክሮች ይበቁታል፤ ነገር ግን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም። ሕጉ ሲወጣ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ኩንታል ሰሊጥን ዋጋ አጠገቡም አይደርስ። ተናዛዡ ተርፎ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ቃሉ ይፈርሳል።

የመሬቱ ነገር ለብቻው የሚታይ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የማይሸጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ፣ አርሶ አደር የሚናዘዘው የይዞታ መብቱን ነው፤ ያም በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይገዛል። ከመንግሥት በኪራይ የተወሰደ እርሻ ሲሆን ደግሞ ከሕጉ ጋር ውሉን ማንበብ ያሻል። የባንክ ብድርና ሌላ ዕዳ ካለም ከኑዛዜ ስጦታ በፊት ይከፈላል፤ ስለዚህ በብድር ዘር የዘራ ሰው ዕዳውንም አብሮ ቢዘረዝር ለወራሾቹ ይበጃል።

አሮጌውን ወረቀት መሰረዝና መደለዝ ግን ክርክር መጥራት ነው። የሚሻለው አዲስ ጽፎ የፊተኛው መሻሩን በግልጽ ማስፈር ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ መነበቡና ቀኑ ተጠቅሶ ወዲያው ይፈረምበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የሰባት ዓመቱ ገደብም አይነካውም። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ ግን ፈራሽ ነው፤ ለየራሳቸው መጻፍ አለባቸው።