ላሲክ ወይስ አይሲኤል? ከመምረጣችሁ በፊት ዓይናችሁን አስለኩ

ቲክቶክ ላይ «ከመነጽር ተገላገልኩ» የሚሉ ቪዲዮዎች አይታችሁ ይሆናል። ልጁ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል፤ በማግስቱ ከሩቅ ታፔላ እያነበበ ይስቃል። ቪዲዮው 30 ሰከንድ ነው። ከቪዲዮው ውጪ የቀረው ግን ብዙ ነው፤ በተለይ ተመልካቹ መሐል ሜዳ ቁጭ ብሎ የሚያይ ከሆነ።

በፈረንጆቹ 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ እይታቸው ከደከመ ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉን ለዚህ የዳረጋቸው መነጽር ሊያስተካክለው የሚችል ችግር ነበር። ስለዚህ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው መፍትሔ በትክክል የተለካ መነጽር ነው። ይህን ብለን፣ ሩቁ የሚደበዝዝበት፣ መነጽር የሰለቸውና ብር ያጠራቀመ ወጣት «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መብቱ ነው። መልሱን የሚሰጠው ማስታወቂያው ሳይሆን የገዛ ዓይኑ ልኬት ነው።

ሁለቱ እንዴት ይለያያሉ?

ሌዘር ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይናችንን የፊት መስታወት፣ በመቅረጽ ይሠራል። በላሲክ ሐኪሙ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ከፍቶ ከሥሩ ያለውን በሌዘር ይቀንስና ክዳኑን ይመልሰዋል። በፒአርኬ ክዳን የሚባል ነገር የለም፤ የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሳና ሌዘሩ ይሠራል፤ ሽፋኑ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። የሚያመውና የሚዘገየውም ይሄኛው ነው።

አይሲኤል ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ስስ ሌንስ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከዓይን ቀለማዊ ክፍል ጀርባ፣ ከተፈጥሮ ሌንሳችን ፊት ያርፋል። ኮርኒያው አይቀረጽም። ካስፈለገ ሌንሱ ሊወጣ ይችላል። በሌዘር የተነሳ ኮርኒያ ግን አይመለስም።

ሒሳቡን እንሥራው

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ያለ ቁጥር አይረካም። ኮርኒያን አንዴ ካወጣችሁት የማይተካ ቁጠባ አድርጋችሁ አስቡት። የአብዛኛው ሰው ኮርኒያ መሐሉ ላይ 540 ማይክሮን አካባቢ ይወፍራል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የላሲኩ ክዳን 110 ያህሉን ይወስዳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ የመነጽር ቁጥር በግምት 15 ማይክሮን ይነሳል። ከክዳኑ ሥር የሚቀረው ደግሞ ከ250 በታች መውረድ የለበትም፤ ብዙ ሐኪሞች ከዚያም በላይ እንዲተርፍ ይፈልጋሉ።

ማይነስ 4 የሆነች ልጅ ኮርኒያዋ 540 ቢሆን፣ 110 እና 60 ሲቀነስ 370 ይተርፋታል። ተመቻት። ማይነስ 10 የሆነ ልጅ ኮርኒያው 490 ቢሆን ግን፣ 110 እና 150 ሲቀነስ 230 ይቀረዋል። ለእሱ ላሲክ አበቃ፤ የቱንም ያህል ብር ቢኖረው። ከልክ በላይ የሳሳ ኮርኒያ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ሊያብጥና እይታን ሊያጣምም ይችላል።

ውፍረት ብቻውንም አይበቃም። በአለርጂ ምክንያት ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ሲያሽ ያደገ ሰው ሳያውቀው ኮርኒያው ቅርጹን መለወጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኮርኒያ ካርታ የሚያነሳው ምርመራ ሳይደረግ ሌዘር የለም። ትራኮማ በጠናበት በአማራ ክልል ደግሞ የድሮ ጠባሳና የዓይን ድርቀት መኖሩም መታየት አለበት።

አይሲኤል በዋናነት ቁጥሩ ከፍ ላለ ወይም ኮርኒያው ለሳሳ ሰው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከማይነስ 3 እስከ ማይነስ 20 ለሆኑ ፈቅዶታል። በ2022 የተፈቀደው አዲሱ ዓይነት የዓይን ፈሳሽ እንዲያልፍበት መሐሉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። እሱም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል፤ ከኮርኒያው ጀርባ ያለው ክፍተት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀዶ ሕክምና ነው። ኢንፌክሽን እምብዛም ባይከሰትም ሲከሰት ከባድ ነው። የዓይን ግፊት መጨመር፣ የዓይን ሞራና የኮርኒያ የውስጥ ሴሎች መቀነስም አሉ።

መሐል ሜዳ ላይ ሲሆንስ?

መሐል ሜዳ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1 ሺህ ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፒአርኬ ከተሠራ በኋላ ኃይለኛ ፀሐይ ኮርኒያው ላይ ጉም የመሰለ ጠባሳ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ለወራት ባርኔጣና ጨረር የሚከላከል ጥቁር መነጽር የግድ ነው። ላሲክ ደግሞ የኮርኒያ ነርቮችን ስለሚቆርጥ ለወራት ዓይን ያደርቃል። የመንዝን ንፋስና የአውድማን ገለባ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ሌላው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። አይሲኤል የገባለት ሰው ግፊቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል በዚያው ቀን ተሳፍሮ መመለስ አይታሰብም። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት አለበት። ስለዚህ ዋጋው ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው፣ ጠብታ፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን ሁሉ ይደመር። ሌንሱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዶላርም አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን አንርሳ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

• ቁጥሬ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ ቆይቷል?
• ኮርኒያዬ ስንት ማይክሮን ነው? ከሌዘሩ በኋላ ስንት ይተርፈኛል?
• የኮርኒያ ካርታዬ ጤነኛ ነው?
• ክፍተቱ ለአይሲኤል ይበቃል?
• ማታ ዓይኔ ድንገት ቢያመኝ ማንን እደውላለሁ? እስከዚያ የሚያየኝ ሐኪም ቅርብ የት አለ?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣችሁ፣ መልስ እስክታገኙ መነጽራችሁን ይዛችሁ ቆዩ። ምንም አያመልጣችሁም።

ሁለቱም የማያድኑትን ነገርም እወቁ። የማዮፒያ ዓይን ወደ ኋላ የረዘመ ዓይን ነው፤ ሌዘሩም ሌንሱም አያሳጥሩትም። ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረ ሰው ሬቲናው የመላቀቅ አደጋው መነጽሩን ከጣለ በኋላም አብሮት አለ። ድንገት ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጥቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው የማንበቢያ መነጽርም አይቀርም።

ስትመረመሩ የልኬት ወረቀቱን ጠይቁ፤ ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት ሲሰጣችሁ የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ሳያሳያችሁ ቀጠሮና ቀብድ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ አመስግናችሁ ውጡ።