ከጥላ የተወለደው ሲኒማ

እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው «ደብል ኢንደምኒቲ» ፊልም ውስጥ አንድ ባል መኪናው ውስጥ ይገደላል፤ ተመልካቹ ግን ሲገደል አያየውም። መሪውን የያዘችው ሚስቱ ወደ ጨለም ያለ መንገድ ታጥፋ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ትነፋለች። ምልክት ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ያደፈጠው ውሽማዋ ብድግ ሲል ካሜራው እሷ ፊት ላይ ይቀራል። ሚስትየዋን የምትጫወተው ባርባራ ስታንዊክ ዓይኗን ወደ ፊት ተክላ ትጠብቃለች፤ ከጎኗ የትግል ድምፅ ይሰማል፤ ፊቷ ላይ የሚነበበው እርካታ ነው። ፊልም ኑዋር የሚባለውን ጨለማ የወንጀል ሲኒማ በአንድ ትዕይንት አስተዋውቅ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም።

ገዳዩ ዋልተር ኔፍ ሽፍታ ወይም የወንበዴ አለቃ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እየዞረ የመድን ውል የሚሸጥ ደመወዝተኛ ነው። ባልየው ከባቡር ወድቆ የሞተ ከመሰለ የአደጋ መድኑ እጥፍ ይከፈላል፤ ለዚያ ገንዘብና ለሴትየዋ ሲል ይገድላል። ፊልሙ ሲጀምር ኔፍ ቆስሎ፣ በሌሊት ቢሮው ገብቶ ወንጀሉን ለድምፅ መቅረጫ ሲናዘዝ ስለምናገኘው መጨረሻው ገና ከመነሻው ይታወቃል። የቀረው እግሩ እንዴት እዚያ እንዳደረሰው መከተል ነው። የዚህ ሲኒማ ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋትን ከሩቅ መጥቶ ከሚወድቅብን መዓት ይልቅ ተራው ሰው ዓይኑ እያየ የሚገባበት ነገር አድርጎ ያሳየናል።

የዚህ ሲኒማ መለያ የሆነው ጥላ ሥሩ ያለው ጀርመን ነው። በ1920 በወጣው «ዶክተር ካሊጋሪ» ፊልም ጥላው ራሱ በቀለም ግድግዳው ላይ ተሥሎ ነበር። በ1931 ፍሪትዝ ላንግ በሠራው «ኤም» ደግሞ አንዲት ሕፃን ኳሷን ማስታወቂያ በተለጠፈበት ዓምድ ላይ እያነጠረች ትጫወታለች። ማስታወቂያው ሕፃናትን የሚገድለውን ሰው ለጠቆመ ወሮታ እንደሚከፈል ይናገራል። ድንገት የአንድ ሰው ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ከፊቱ በፊት ያየነው ጥላውን ነው።

ያን ገዳይ ሆኖ የተጫወተው ፒተር ሎሪ አይሁዳዊ ነበር፤ ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ጀርመንን ለቆ ወጣ። የ«ደብል ኢንደምኒቲ» ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደርም በዚያው ዓመት ከበርሊን ሸሸ፤ እናቱን ግን በኋላ ናዚዎች ገደሉበት። ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ፣ ኦቶ ፕሪሚንገርና ኤድጋር ኡልመርም ከጀርመንና ከኦስትሪያ ተነሥተው በየመንገዳቸው ሆሊውድ ደረሱ። ሎሪን በ1940 ብዙዎች የመጀመሪያው ፊልም ኑዋር በሚሉት «ስትሬንጀር ኦን ዘ ሰርድ ፍሎር» ውስጥ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በ«ዘ ማልቲስ ፋልከን» ውስጥ እናገኘዋለን። የለመደው ጎረቤት በአንድ ጀምበር ጠላት ሲሆን ያየ ሰው የሠራው ፊልም ውስጥ ማንም ማንንም ባያምን አይገርምም።

ቋንቋውን የሰጠችው ግን አሜሪካ ናት። ዳሺል ሃሜት ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት የፒንከርተን ድርጅት መርማሪ ነበር። በርካሽ ወረቀት በሚታተመው «ብላክ ማስክ» መጽሔት ላይ የሚጽፋቸው ታሪኮች ዓረፍተ ነገራቸው አጭር፣ መርማሪያቸውም ከሚያሳድዳቸው ሰዎች ብዙም ያልጸዳ ነው። ሬይመንድ ቻንድለርም የጀመረው እዚያው መጽሔት ላይ ነው፤ የደራሲ ጄምስ ኬንን ታሪክ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ከዋይልደር ጋር ለፊልም የጻፈውም እሱ ነው።

የኬን ታሪክ በ1935 ለስቱዲዮዎች ሲቀርብ የሆሊውድ ሳንሱር ኃላፊ ጆሴፍ ብሪን ከልክሎት ነበር። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚሠራበት ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር፣ ግድያም በዝርዝር እንዳይታይ ያዝዝ ነበር። የስታንዊክ ፊት የመጣው ከዚህ ክልከላ ነው። እንዲያይ ያልተፈቀደለትን ነገር ተመልካቹ ራሱ አስቦ ይጨርሰዋል፤ እንዲያውም የባሰ አድርጎ።

ድህነትም የበኩሉን አድርጓል። ኡልመር በ1945 «ዲቱር»ን የሠራው በጣም በአነስተኛ ገንዘብ ነው፤ የከተማው መንገድ በጉም የተሸፈነው የሚታይ ከተማ ስላልነበረው ነው። የ«ደብል ኢንደምኒቲ» የካሜራ ባለሙያ ጆን ሳይትዝ በበኩሉ ከቀረጻ በፊት የአሉሚኒየም ብናኝ አየሩ ላይ ይበትን ነበር። በመስኮቱ መጋረጃ ቀጫጭን ሰሌዳዎች መካከል የሚገባው ፀሐይ ብናኙን ሲያበራው ቤቱ ለረጅም ጊዜ ያልተወለወለ ይመስላል፤ የኔፍ ልብስ ላይም እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ያለ ጥላ ይጋደማል።

ሠሪዎቹ እነዚህን ፊልሞች ሲሠሩ አዲስ ዘርፍ እየፈጠሩ እንደሆነ አላወቁም፤ ሜሎድራማ ነበር የሚሏቸው። በጦርነቱ ዘመን ፓሪስ ሳይደርሱ የቆዩት ፊልሞች በ1946 ተከታትለው ሲታዩ የመንፈስ ዝምድናቸውን ለይቶ «ፊልም ኑዋር» የሚል ስም ያወጣላቸው ፈረንሳዊው ሃያሲ ኒኖ ፍራንክ ነው። ከሩቅ ያየ፣ በአንድ ላይም ያየ ሰው ዝምድናው ቶሎ ይገለጥለታል።

ከዚያ በኋላ ካሜራው ከስቱዲዮ ወጣ። በ1948 «ዘ ኔከድ ሲቲ» የኒውዮርክን ጎዳናዎች ቀረጸ። የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» በ1958 ሲወጣ የመጀመሪያው ዘመን እንዳበቃ ብዙዎች ይስማማሉ። ሳንሱሩ በ1968 ከቀረ በኋላ ደግሞ በ1974 «ቻይናታውን» መጣ፤ በቀለም፣ በጠራራ የካሊፎርኒያ ፀሐይ። እዚያ የከተማዋን ውኃ የሚዘርፈው ባለጸጋ ኖህ ክሮስ ግፉን ሁሉ ፈጽሞ ሳይቀጣ ይቀራል፤ ብሪን በወንበሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍጻሜ ፈጽሞ አያልፍም ነበር። በዝናብና በኒዮን መብራት የተሞላውን የ1982ቱን «ብሌድ ራነር» የሚያስበልጡ አሉ። እኔ ግን ለጥላው ብቻ ሳይሆን ለጭካኔውም ታማኝ ሆኖ የቀጠለው «ቻይናታውን» ነው እላለሁ። ገና ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን፣ ቀጥሎ «ዲቱር»ን፣ ከዚያም እሱን ቢያይ እመክራለሁ።