የጥንት ቤዝቦል ካርዶችን ሙሉ ስብስብ በተወሰነ ገንዘብ ስለ ማሟላት

በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ይሠራ የነበረው ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ድርጅት በ1952 ዓ.ም. የታወቁ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸው 407 ዓይነት ካርዶች አሳትሞ ከማስቲካው ጋር በጥቂት ሳንቲም ለልጆች ይሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ ከታተሙት ብዙዎቹ ገበያ አጥተው በመጋዘን ስለ ቀሩ፣ የድርጅቱ ሹም የነበረው ሳይ በርገር በኋላ ዘመን እንደ ተናገረው፣ በ1960 ዓ.ም. በጀልባ ተጭነው ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ተጣሉ። ከእነዚያው ከመጨረሻዎቹ ካርዶች ወገን የሆነው የሚኪ ማንትል ካርድ አንዱ ቅጂ በ1991 ዓ.ም. በ50,000 ዶላር ተገዝቶ፣ በ2022 ዓ.ም. በሐራጅ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ወሬ የሰማ ሰው ንግዱ የባለጸጎች ብቻ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህን ገበያ ዓመቱን በሙሉ የሚያንቀሳቅሱት ከደመወዛቸው ወይም ከሱቃቸው ትርፍ ጥቂት በጥቂት እየቈጠቡ የአንድ ዓመት እትም ካርዶችን ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ለማሟላት የሚደክሙ ሰብሳቢዎች ጭምር ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የተመኙትን ያሟላሉ፤ ሌሎቹ ግን ብዙ ገንዘብ አውጥተው ጐዶሎ ስብስብ ታቅፈው ይቀራሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ የገንዘቡ ማነስ ሳይሆን የአገዛዙ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ነገሩ በተወሰነ ካፒታል ለሚሠራ ለማንኛውም ነጋዴ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ደረጃ ማለት ምንድር ነው?

አሮጌ ካርድ ዋጋው በሥዕሉ ብቻ አይወሰንም። ማዕዘኖቹ የተሳሉ ወይም የደነዙ መሆናቸው፣ ጠርዙ መፈግፈጉ ወይም አለመፈግፈጉ፣ ገጹ መታጠፉ ወይም መቈሸሹ፣ ሥዕሉም በወረቀቱ መካከል በትክክል መታተሙ ይመረመራል። ቀድሞ ይህን የሚወስኑት ሻጩና ገዢው በክርክር ነበር። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ድርጅት፣ ቀደም ሲል በብረት ገንዘቦች ላይ ይሠራበት የነበረውን ልማድ በመከተል፣ ካርዱን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ደረጃ እየሰጠና በታሸገ የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ እየከተተ ለባለቤቱ መመለስ ጀመረ። ኤስ.ጂ.ሲ.ን የመሳሰሉ ሌሎች ድርጅቶችም ተከተሉት። በመለኪያው 10 እንከን የማይወጣለት፣ 5 ደኅና፣ 1 እጅግ የተጐዳ ማለት ነው።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይሆንበትም። ላኪው ቡናውን ለባሕር ማዶ ገዢ የሚሸጠው ናሙናው ተቀምሶ ደረጃው ከታወቀ በኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ምርትን በደረጃ እየመደበ ያገበያየው፣ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ይተማመኑ ዘንድ ነው። የካርዱም ደረጃ አገልግሎቱ ይኸው ነው፤ በሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መካከል እንደ ሽማግሌ ይቆማል።

ሆኖም ሽማግሌም ይሳሳታል። ከ1909 እስከ 1911 ዓ.ም. ከሲጋራ ጋር ይታደሉ ከነበሩት ካርዶች እጅግ የሚፈለገው የሆነስ ዋግነር ካርድ ሲሆን፣ አንዱ ቅጂ በ1991 ዓ.ም. ከፒ.ኤስ.ኤ. 8ኛ ደረጃ ተሰጥቶት በዓለም ላይ ከታወቁት ካርዶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን ቢል ማስትሮ የተባለው የሐራጅ ነጋዴ የዚያን ካርድ ጠርዝ ራሱ መቍረጡን በፍርድ ቤት አመነ። እንግዲህ ማኅተም ያለበትን ዕቃ መግዛት መልካም ቢሆንም፣ ዕቃውን በዐይን መመርመርን አያስቀርም።

ዓመቱን ስለ መምረጥ

ገንዘቡ የተወሰነ ሰው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የትኛውን ዓመት እትም እንደሚሰበስብ ነው። የ1952ቱ እትም ከብዛቱም ሌላ የማንትልን ካርድና ወደ ባሕር የተጣሉትን የመጨረሻ ቁጥሮች ስለ ያዘ፣ መጠነኛ ገቢ ላለው ሰው የማይወጣው አቀበት ነው። ከዚህ ይልቅ የ1955ቱን የቶፕስ እትም መመልከት ይጠቅማል። ቁጥሩ እስከ 210 ቢደርስም አራት ቁጥሮች፣ ማለት 175፣ 186፣ 203 እና 209 ከቶ ስላልታተሙ ሙሉው ስብስብ 206 ካርድ ብቻ ነው። ማንትል በዚያ ዓመት ከተወዳዳሪው ከቦውማን ድርጅት ጋር ስለ ነበረ በዚህ እትም ውስጥ አይገኝም፤ አለመኖሩም ለሰብሳቢው ትልቅ ወጪ ያተርፍለታል።

ይህም ሲባል እትሙ ክብር የጐደለው ነው ማለት አይደለም። በኋላ ስማቸው የገነነው የሮቤርቶ ክሌመንቴ (ቁጥር 164)፣ የሳንዲ ኩፋክስ (ቁጥር 123) እና የሃርመን ኪልብሩ (ቁጥር 124) የመጀመሪያ ካርዶች በዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። ጃኪ ሮቢንሰን፣ ሃንክ አሮን፣ ዊሊ ሜይስና ቴድ ዊልያምስም አሉበት። እንግዲህ የስብስቡ ዋጋ በ206ቱ ላይ እኩል አልተከፋፈለም። እጅግ ከባድ የሆነው ሸክም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በሚሆኑ ካርዶች ላይ ያርፋል፤ የቀሩት ስማቸው እምብዛም ያልታወቀ ተጫዋቾች ሥዕሎች ሲሆኑ ዋጋቸውም ቀላል ነው። ከእነርሱ መካከል ከቁጥር 150 በላይ ያሉት ከሌሎቹ ይልቅ ለመገኘት ያስቸግራሉ። እንዲሁም ልጆች ካርዶቻቸውን በቁጥር ደርድረው በላስቲክ ያስሩ ስለ ነበረ፣ ከላይና ከታች የሚውሉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ካርድ፣ ማለት የዳስቲ ሮድስና የዱክ ስናይደር፣ ሳይጐዱ የሚገኙት በብርቅ ነው።

እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ደረጃ

ሁለተኛው ውሳኔ፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው፣ የደረጃው ነው። ከ5 ወደ 6 ሲኬድ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከ7 ወደ 8፣ ከ8ም ወደ 9 ሲኬድ ግን ጭማሪው እጥፍና ከዚያም በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱም በከፍተኛው ደረጃ ያሉት ቅጂዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ስብስባቸውን ከሌሎች ጋር የሚያወዳድሩ ባለጸጎች ይሻሙባቸዋል። አቅሙ የተወሰነ ሰው በዚህ እሽቅድምድም ቢገባ ሃያና ሠላሳ ካርድ ያምር ዘንድ ገዝቶ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ሰብሳቢው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ዛሬ ልገዛው የምችለው ከፍተኛው ደረጃ የቱ ነው?» ብሎ ሳይሆን፣ «206ኛውን ካርድ እስክገዛ ድረስ ሳይከብደኝ የምዘልቅበት ደረጃ የቱ ነው?» ብሎ ነው።

ብዙዎች የሚያዋጣቸው ተራዎቹን ካርዶች በ5ኛ ወይም በ4ኛ ደረጃ፣ ከባዶቹን ደግሞ በ3ኛ ወይም በ2ኛ ደረጃ መግዛት ነው። እዚህ ላይ የዐይን ሥራ ይመጣል። በፒ.ኤስ.ኤ. ሕግ ለ8ኛ ደረጃ የሥዕሉ ግራና ቀኝ ኅዳግ ልዩነት እስከ 65 በ35 ድረስ ሲፈቀድ፣ ለ5ኛ ደረጃ ግን እስከ 85 በ15 ድረስ ይፈቀዳል። ይህ ማለት በአንድ በ5ኛ ደረጃ ውስጥ ሥዕሉ ወደ ጐን የተንጋደደና ሥዕሉ ቀጥ ብሎ በመካከል የተቀመጠ ካርድ ጐን ለጐን ይገኛሉ ማለት ነው። በማኅደሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ መልካቸው እጅግ ይለያያል። እንደዚሁም ከኋላ ባለች ቀጭን ሽብሽብ ወይም በብርሃን ካልሆነ በማትታይ እጥፋት ምክንያት ደረጃው የወረደ፣ ነገር ግን ፊቱ ጥርት ያለ ካርድ አለ። ብልኅ ገዢ የሚያድነው እንዲህ ያለውን ነው።

ከባዱን አስቀድሞ፣ ቀላሉን አስከትሎ

ጀማሪ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ ርካሾቹን ካርዶች አፍስሶ መደርደሪያው ሲሞላለት ደስ ይለዋል። ክሌመንቴንና ኩፋክስን «ወደ ፊት» ብሎ ያቆያቸዋል። በዚህ መካከል የታወቁት ተጫዋቾች ዋጋ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ ሁለት መቶ ካርድ ይዞ በስድስቱ ምክንያት ተቸግሮ ይቀመጣል። ስለዚህ የከባዶቹን ግዥ አስቀድሞ መጀመር ይሻላል። ተራዎቹ በማንኛውም ሳምንት ስለሚገኙ አያስቸኩሉም፤ ከባዶቹ ግን በሚመጥን ዋጋና በሚያምር መልክ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። በነዚያ ጊዜያት ገንዘቡ በተራ ካርዶች ላይ አልቆ እንዳይገኝ ለከባዶቹ ብቻ የተለየ መቈጠቢያ ማበጀት ይገባል።

ውድ የሆኑትን ካርዶች ያለ ማኅደር መግዛትም አደጋ አለው። ጠርዝ የሚቈርጡት፣ ቀለም የሚቀቡትና የሐሰት ቅጂ የሚያትሙት ሰዎች የሚደክሙት ትርፍ ባለበት በውድ ካርድ ላይ እንጂ በርካሹ ላይ አይደለም። ማኅደሩ ራሱ በሐሰት የሚሠራበት ጊዜም ስላለ፣ በላዩ የተጻፈውን የምስክር ቁጥር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር የማይታለፍ ሥራ ነው።

የተሰወረው ወጪ

ካርዶቹን ያለ ደረጃ ገዝቶ ራሱ የሚያስመረምር ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። ለምሳሌ የአንዱ ካርድ መመርመሪያ 20 ዶላር ነው ቢባል፣ የ206ቱ 4,120 ዶላር ይደርሳል፤ የመላኪያና የመድን ወጪ ከዚህ በላይ ነው። በመካከለኛ ደረጃ ያለ ተራ ካርድ ደግሞ ደረጃው ተሰጥቶት፣ በማኅደሩ ታሽጎ፣ ከመመርመሪያው ዋጋ ባነሰ ሊሸጥ ይችላል። ሻጩ የከፈለውን ክፍያ መልሶ አላገኘም ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ኪሣራ ሌላው ሰው ከተሸከመው በኋላ መግዛት ለባለ መጠነኛ ኪስ የሚስማማ ነው። የመመርመሪያው ሥራም ሁልጊዜ የተቃና አይሆንም፤ በ2021 ዓ.ም. ፒ.ኤስ.ኤ. ከብዛቱ የተነሣ ሥራው ስለ ተከመረበት አብዛኛውን የመቀበያ አገልግሎቱን ለጊዜው ዘግቶ ነበር።

በሐራጅም የሚገዛ ሰው ከተጫረተው ዋጋ በላይ የሐራጅ ቤቱን ድርሻ ያስብ። ብዙዎቹ ከገዢው ሃያ በመቶ ገደማ ስለሚጨምሩ፣ በ100 ዶላር የተሸነፈው ካርድ በ120 ዶላር፣ የመላኪያውም ወጪ ተደምሮ ከዚያ በላይ ይገባል። አሥርና ሃያ ተራ ካርዶችን ከአንድ ሻጭ በአንድ ጥቅል መግዛት ግን የመላኪያውን ወጪ ያካፍላል። በጥቅሉ ውስጥ የሚደጋገሙትን መልሶ በመሸጥም ቀጣዩን ግዥ ማገዝ ይቻላል።

መዝገብና ትዕግሥት

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው መዝገብ ነው። የካርዱ ቁጥር፣ የተጫዋቹ ስም፣ ደረጃው፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋውና መላኪያው በየዓምዱ ከተጻፈ፣ ሰብሳቢው ምን እንደ ጐደለውና ምን ያህል እንዳወጣ ዘወትር ያውቃል፤ አንዱን ካርድ ሁለት ጊዜ ከመግዛትም ይድናል። ከአሁን በፊት በተጨባጭ የተሸጠበትን ዋጋ ከሻጩ ጥያቄ ለይቶ መመዝገብም ይገባል፤ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ምኞት ሲሆን፣ የተከፈለው ግን ገበያ ነውና።

በ2020 እና በ2021 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ በቤቱ ባዋለበት ጊዜ የካርድ ዋጋ በድንገት ናረ፤ ከዚያም በኋላ ብዙው ወረደ። በዚያ ወራት ተበድረው የገዙ ተጐዱ፤ በመዝገባቸው መሠረት ጥቂት በጥቂት የገዙት ግን ውድ በሆነ ጊዜ ቈጠብ፣ ርካሽ በሆነ ጊዜ ጨመር እያደረጉ አለፉት። በየወሩ አራት ካርድ ብቻ የሚገዛ ሰው የ1955ቱን ስብስብ በአራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ያሟላል። ጊዜው ረጅም ቢመስልም ዕዳ የለበትም።

የዚህ ገበያ ትርፍ የተረጋገጠ አይደለም። ለሻጭ የሚቈረጠው ክፍያና ለገዢ የሚጨመረው ድርሻ ተደምረው ዋጋው ከፍ ቢልም እንኳ ጥቅሙን ሊበሉት ስለሚችሉ፣ ለዕለት ኑሮ ወይም ለሱቅ ዕቃ መግዣ የተመደበ ገንዘብ ከቶ ሊገባበት አይገባም። ነገር ግን ከትርፉ በተረፈው የሚሰበስብ፣ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅበትን ደረጃ አስቀድሞ የወሰነ፣ ከባዱን ያስቀደመና የማኅደሩን ቁጥር ሳይሆን ዕቃውን ራሱን የሚመለከት ሰው፣ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ባለጸጋው በአንድ ቀን የሚገዛውን ስብስብ እርሱም በጊዜው ሙሉ አድርጎ ያገኘዋል።