ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱን ማን ይሠራዋል?

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥርሱን አስነቅሎ፣ ፋሻ ነክሶ ወደ ብሎኩ የሚመለስ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ጎረቤት «በጨው ውሃ ቶሎ ቶሎ ተጉመጥመጥ» ይለዋል፤ ሌላዋ እብጠቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ትጠቁመዋለች። ሁለቱም እብጠትን እንደ ጠላት ያያሉ። የመንጋጋ አጥንት መልሶ የሚሞላው ግን ያው የሚያሳብጠው የሰውነት መቆጣት ሲጀምረው ነው።

ጥርሱ እንደወጣ ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ደርሰው ባክቴሪያ ይዋጋሉ። ዕድሜያቸው አጭር ነው። ተከትለዋቸው የሚመጡት፣ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሕዋሳት የሞቱትን ኒውትሮፊሎች ይውጣሉ፤ ይህ መዋጥ ራሱ ጠባያቸውን ይለውጠዋል። እስከዚያ ተዋጊ የነበሩት ማክሮፌጆች አሁን የደም ሥርንና አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን የሚጠሩ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። በእኔ ግምት የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ስኳር ሕመሙን ያልተቆጣጠረ ሰው ቁስሉ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ለውጥ በጊዜው ስለማይመጣ ነው። ማክሮፌጅ እንዲያጡ በተደረጉ አይጦች ላይም የአጥንት መጠገን ተዳክሞ ታይቷል።

አሮጌ አጥንት የሚበሉት ኦስቲዮክላስቶችም የማክሮፌጅ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የሚያነቃቸው ራንክል የተባለ ፕሮቲን ሲሆን ቲ ሕዋስ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ያመነጩታል። የድድ በሽታ ሲቆይ ጥርስ የሚያነቃንቀው ይኸው የራንክል መልእክት ሳያቋርጥ ሲተላለፍ ነው። ይህን የመከላከያ ሕዋሳትና የአጥንት ግንኙነት የሚያጠናው ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ኦስቲዮኢሚዩኖሎጂ የሚል ስም ወጣለት።

ጉድጓዱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ለጋ አጥንት ይይዛል፤ እስኪጠነክር ወራት ይፈልጋል። የመንጋጋው ጠርዝ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ግማሽ ስፋቱ ሊያጣ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ መንጋጋ ላይ የሚተክሉ ሐኪሞች የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ጉድጓዱ እንዲድን ለማገዝ ከሚሞከሩት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳያዊው ጆሴፍ ሹክሩን ያስተዋወቀው ዘዴ፣ የታካሚውን ደም በማሽን አሽከርክሮ ፕሌትሌትና ነጭ ሕዋስ የያዘውን ክፍል ጉድጓዱ ውስጥ ማስገባት ነው። በውጭ ምንዛሪ ከሚገባ የአጥንት ምትክ ይረክሳል፤ ለእኛ አገር ክሊኒክም ይመቻል። ሕመም ይቀንሳል፣ ድድ ያድናል፤ አጥንት በመጨመር ረገድ ግን ውጤቱ ወጥ አይደለም። ተአምር ነው ብሎ የሚያስተዋውቅ ካለ ተጠራጠሩት።

እንግዲህ ጥርስ ያስነቀላችሁ፦ በመጀመሪያው 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ በስትሮው አትጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ፤ አለዚያ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላል። የጨው ውሃው ከማግስቱ ጀምሮ ይደርሳል። ሕመሙ በ3ኛው ቀን ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ ወደ ነቀለላችሁ ሐኪም ተመለሱ።