ምናባዊ ኮምፒዩተርን ወደ እውነተኛ ኮምፒዩተር ስለ ማዛወር

ምናባዊ ኮምፒዩተር ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም አማካይነት የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ዲስኩም በፋይል መልክ የተቀመጠ ነው። መምህሩ የትምህርት ፕሮግራሞችን በዚህ ላይ አዘጋጅቶ ሊፈትን ይችላል። ነገር ግን 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ግማሹን ለምናባዊው ከሰጠ ሁለቱም ይዳከማሉ። ስለዚህ የተፈተነውን ሥርዓት በቀጥታ በእውነተኛው ዲስክ ላይ ማኖር ይመረጣል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ምናባዊው ኮምፒዩተር በሥርዓት ይዘጋል፤ የዲስኩም ፋይል ቅጂ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ወደ ጥሬ የዲስክ ምስል ተለውጦ፣ መጠኑ ከእርሱ በማያንስ እውነተኛ ዲስክ ላይ ይጻፋል። በዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ የተማሪዎች ውጤት አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። ሦስተኛ፣ የሁለቱ የአነሳስ ስልት፣ ማለትም ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ፣ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። አራተኛ፣ ምናባዊው ሥርዓት የሚያውቀው ምናባዊ ዕቃዎችን ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የእውነተኛው ዲስክ መቆጣጠሪያና የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮች ከመዛወሩ በፊት ይጨመሩለታል፤ ይህ ካልተደረገ ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ሊቆም ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ በባሌ ደጋ ልዩ ክብደት አለው። ሮቤ የተዘጋጀ ዲስክ ጎባ ላይ እምቢ ቢል መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ባለሙያው ተመልሶ ያርመዋል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ደሎ መና ከደረሰ በኋላ ቢቆም ግን የተማሪዎቹ ትምህርት ይስተጓጎላል።

ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች በየኮምፒዩተሩ ዓይነት አንድ የሙከራ ዝውውር እንዲደረግ፣ ውጤቱ እስኪረጋገጥም ምናባዊው ቅጂ እንዳይሰረዝ ማዘዝ ይገባቸዋል።